11 ቤት፣ አንድ እጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከደብረ ብርሃን ነው የማወራችሁ። ብርዱ ዛሬም ጋቢ አስደርቦኛል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያለፈው እሁድ ስብሰባ ነው።

የኮንዶሚኒየማችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። አጀንዳው ልጆች የሚጫወቱበትን ክፍት ቦታ አጥሮ ለመኪና ማቆሚያ ማከራየት ነው። ድምፅ ሲሰጥ አንድ ሰው እጁን አወጣ። ቆጣሪው «12» ብሎ መዘገበ። አንዱ የራሱ፣ 11ዱ በውክልና። ወረቀቶቹ ታጥፈው ፌስታል ውስጥ ናቸው። ከፍቶ ያነበባቸው የለም። ውሳኔው በ6 ድምፅ ብልጫ አለፈ።

ከ11ዱ አንዱ የሦስተኛ ፎቋ እማማ ቤት ነው። እማማን የቀበርናቸው በጥር ነው። የእድሩን ድንኳን የተከልነው እዚያው ይከራይ በተባለው ቦታ ላይ ነበር። ከቀብር መልስ እጃችንን የታጠብነው፣ ንፍሮ የቀመስነው እዚያ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካይ ሲሞት ውክልናው ይቀራል ይላል። ታዲያ እሁድ ዕለት የተቆጠረው የማን ድምፅ ነው?

ሰውየው ክፉ ነው አልልም። ባለቤቶቹ አዲስ አበባ ወይ ውጭ አገር ናቸው፤ ኪራያቸውን ሰብስቦ የሚልክላቸው እሱ ነው። ግን ጠቅላላ ውክልና በሕጉ ለአስተዳደር ሥራ ነው፤ ቤት መጠገን፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። የሁላችንን የጋራ ቦታ መዝጋት ለእኔ እዚያ ውስጥ አይገባም።

እኔም የእህቴን ውክልና ይዣለሁ። ቅዳሜ ማታ ደውዬ አጀንዳውን ነገርኳት። «የልጆቹንማ ቦታ እንዳትነኩ» አለችኝ። ተቃውሞ ሲቆጠር የሷንም የኔንም አስመዘገብኩ። አንድ ስልክ ነው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ሰኞ ከ11ዱ አንዱን፣ የድሮ ጎረቤቴን ደወልኩለት። ስብሰባ መኖሩንም አልሰማም። «ስለ እኔ ማን ወሰነ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ተከራዮቹም በረንዳ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ሜዳው ላይ የሚሯሯጡት የነሱ ልጆች ናቸው። ድምፅ ግን የላቸውም። እሱን ሌላ ጊዜ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ለኮሚቴው ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ቃለ ጉባኤው ከመጽደቁ በፊት ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ጮክ ተብለው ይነበቡ ብያለሁ። ማን ሰጠው? መቼ? ለምን ሥራ? የእማማ ልጅም ይጠራ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።