ልጆቻችንን የሚለየው ፈተና፦ በሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩ ወላጆች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ መምህራን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ልጆቻችሁ በትምህርት ዘመኑ እስከ ሦስት ጊዜ የሚፈተኑት ማፕ የሚባል የንባብና የሂሳብ ፈተና አለ። ውጤቱ ቤት ሲደርስ ብዙ ወላጅ አየት አድርጎ ያስቀምጠዋል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን የሦስተኛ ክፍል ልጅ በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል ለሚሰጠው የላቀ ትምህርት ሲታጭ ከሚታዩት ነገሮች አንዱና ከባዱ ይኸው ወረቀት ነው። ስለዚህ አነባበቡን እንወቅ።

ፈተናው በኮምፒውተር ይሰጣል። ልጁ ሲመልስ ቀጣዩ ጥያቄ ይከብዳል፣ ሲስት ይቀላል። በዚህ የተነሳ ጎበዙም ግማሽ ያህሉን ይስታል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ያልተነገረው ልጅ «አቃተኝ» ብሎ ሳያነብ መልስ መጫን ይጀምራል፣ ውጤቱም ያሽቆለቁላል። ወረቀቱ ላይ 85ኛ ፐርሰንታይል የሚል ካያችሁ ከመቶ ጥያቄ 85 መለሰ ማለት አይደለም፤ ከመቶ የክፍል እኩዮቹ 85ቱን በልጧል ማለት ነው። ይህም ቢሆን ግምት ነው። ፐርሰንታይሉ የሚወጣበት የፈተናው ነጥብ ወደ ላይም ወደ ታችም ሦስት ያህል ሊዛነፍ ስለሚችል፣ 85ኛ የተባለው ልጅ ትክክለኛ ቦታው ከ80ኛ እስከ 89ኛ ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። እንግዲህ መቁረጫው፣ ማለትም ለመመረጥ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ውጤት፣ 85 ቢሆን፣ 84 ያገኘውንና 86 ያገኘውን ልጅ በእርግጠኝነት ለይቻለሁ የሚል ሰው ፈተናው የማይችለውን እያስቻለው ነው።

የአሜሪካዊውን የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሉዊስ ተርማንን ነገር እናስታውስ። በ1921 በካሊፎርኒያ የጀመረው ጥናት ባለ ልዩ ተሰጥኦ ልጆችን የመረጠው በአእምሮ ችሎታ ፈተና ነበር። ተፈትነው መቁረጫውን ካላለፉት መካከል ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሁለቱም በኋላ በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ፤ ሾክሊ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968።

ሌላው ችግር ጣሪያው ነው። ለአንድ ክፍል የተዘጋጀ ተራ ፈተና የክፍሉን ትምህርት ለማጣራት የተሠራ በመሆኑ ከባድ ጥያቄ አይበዛበትም። ሁሉንም የመለሱ ሁለት ልጆች እኩል ይመስላሉ፤ አንደኛው ግን የሦስት ዓመት ትምህርት ቀድሞ ሄዶ ሊሆን ይችላል። እዚሁ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰሩ ጁሊያን ስታንሊ መላ ያበጀው ለዚህ ነው። በ1972 በሂሳብ ጎበዝ የተባሉ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ለዩኒቨርሲቲ አመልካቾች በሚሰጠው ኤስኤቲ ፈተነ። በክፍላቸው ፈተና ጫፍ ላይ ተጠጋግተው የነበሩት ልጆች በከባዱ ፈተና ሰፊ ልዩነት አሳዩ። ልጃችሁ ሁልጊዜ 99ኛ የሚያገኝ ከሆነ ያንኑ ፈተና መደጋገም አዲስ ነገር አይነግራችሁም፤ ከክፍሉ በላይ የሆነ ፈተና እንዲሰጠው ጠይቁ።

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚነካው ልምጣ። የትምህርት ውጤት ፈተና የሚለካው ልጁ የተማረውን ነው። ቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ በእንግሊዝኛ ንባብ የሚያጣው ነጥብ ብዙ ጊዜ የቃላት ነው እንጂ የማስተዋል አይደለም። የሂሳብ ጥያቄም በረጅም ዐረፍተ ነገር ሲቀርብ ያው ቋንቋ ይገባበታል። ስለዚህ ንባቡንና ሂሳቡን ለየብቻ እዩ። ከሁሉ በላይ እድገቱን እዩ፦ ከመጣ ሁለት ዓመቱ የሆነና ከ30ኛ ተነስቶ 70ኛ የደረሰ ልጅ፣ ለእኔ፣ 85ኛ ላይ ቆሞ ከሚቆይ ልጅ ያልተናነሰ ምልክት ያሳያል።

ማን ይፈተን የሚለውም ወሳኝ ነው። በፍሎሪዳ ብሮዋርድ ካውንቲ ለልዩ ፕሮግራም ይታጭ የነበረው መምህር ወይም ወላጅ የጠቆመው ልጅ ብቻ ነበር። በ2005 የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ሁሉ መፈተን ሲጀምሩ በፕሮግራሙ የገቡት ጥቁር ተማሪዎች በ80 በመቶ፣ ሂስፓኒኮች በ130 በመቶ ጨመሩ። ልጆቹ ቀድሞም እዚያው ነበሩ፤ ጠቋሚ ነው ያጡት። ሁለት ወይም ሦስት ሥራ የሚሠራ ወላጅ ትምህርት ቤት ሄዶ «ልጄን እዩልኝ» ለማለት ጊዜ የለውም፤ ብዙዎቻችንም መምህርን መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። አይደለም!

ትምህርት ቤቶች በርካታ መረጃ እናያለን ሲሉ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ልጁ ሁሉንም መቁረጫ በየተራ ማለፍ አለበት ወይስ ውጤቶቹ ተደምረው ይታያሉ? በየተራ ከሆነ በአንዱ ቀን ራሱን ያመመው ልጅ በዚያው ይቀራል። ልጁ የሚወዳደረው ከመላው አገር ጋር ነው ወይስ ተመሳሳይ የኑሮ ደረጃ ካላቸው ትምህርት ቤቶች ልጆች ጋር መሆኑንም ጠይቁ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በቅርብ ዓመታት ይህን ሁለተኛውን መንገድ ተጠቅሟል፤ መስፈርቱን ካሟሉት መካከልም በዕጣ የመረጠበት ጊዜ አለ። አሠራሩ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን በጽሑፍ ጠይቁ።

ለስብሰባው አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይበቃው ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አለበት። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለ ራሱ የሚወራውን እያስተካከለ ይነግራችኋል። ካልተመረጠ ደግሞ የይግባኙን ቀን ጠይቁና «ጎበዝ ነው» ከማለት ይልቅ ያለፉትን የሁለት ዓመት ውጤቶች፣ በራሱ መንገድ የሠራውን ሂሳብ፣ በአማርኛ ጭምር የጻፈውን ይዛችሁ ቅረቡ።