አንዱ ጋ ያለው ለሌላውም ይድረስ

ክቡራን የፖሊስ ማሰልጠኛ ኃላፊዎች፣ ውድ አሰልጣኞች፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ አንድ ክፍል ላውራችሁ። እኔ ማሰልጠን ስጀምር የወንጀል ሥፍራ አጠባበቅን የምናስተምረው በሰሌዳ ነበር። "ምንም ነገር አትንኩ" ብለን እንጽፋለን። ሰልጣኙ ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ይመልሳል፣ ይመረቃል። የመጀመሪያው ጥሪ ሲደርሰው ግን በሩን በእጁ ገፍቶ ይገባል። ጎረቤት ይከተለዋል። አንዱ የወደቀውን ዕቃ ያነሳል፣ ሌላዋ አዝና ደሙን ታጥባለች። መርማሪ ሲደርስ አሻራ የለም፣ ዱካ የለም። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በእጁ ሠርቶት ስለማያውቅ ነው።

በኋላ ከሌላ ክልል የመጡ አንድ አሰልጣኝ ሁለት ሳምንት አብረውን ሠሩ። ባዶ ክፍል ስጡኝ አሉ። አሮጌ አልጋ አስገቡ፣ ብርጭቆ ሰብረው በተኑ። ግማሾቹን ሰልጣኞች የሰፈር ሰው አደረጓቸው፤ እያለቀሱና እየተጋፉ እንዲገቡ። ያን ቀን ልጆቹ በር ላይ ቆሞ ሰው መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ ገባቸው። ይህ ነው የሚባል ወጪ አልነበረውም። ክፍሉ ዛሬም አለ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ሥልጣን ይሰጣል። ወንጀል ግን ወሰን ላይ አይቆምም። መኪና አንዱ ክልል ይሰረቃል፣ ሌላው ክልል ይሸጣል። ማስረጃው ሲተላለፍ ማን፣ መቼ፣ ከማን እንደተረከበው ካልተጻፈ ዓቃቤ ሕጉ ምን ይዞ ፍርድ ቤት ይቁም? በ1998 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ላይ በተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ ፖሊስ አዛዦች ትብብር ድርጅት በኩል ከኬንያና ከኡጋንዳ ጋር እንሠራለን። ታዲያ ከጎረቤት ክልል ጋር አሰልጣኝ መዋዋስ ምን ይከብደናል?

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቋንቋ ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ይነገረው ይላል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ፖሊሱ ይህን የሚናገረው በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በትግርኛ ሊሆን ይችላል። የሥልጠና ሞጁሉን ግን የተማረው በአማርኛ ብቻ ከሆነ፣ ሰው ፊት ቆሞ ቃል ይፈልጋል። ሞጁሉ በሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ ያላችሁ፣ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት።

አሰልጣኝ እንዋዋስ ስንል ሁልጊዜ የሚያደናቅፈን አበል ነው። እኔ የምለው፣ ላኪው ደመወዝ ይክፈል፣ ተቀባዩ መኝታና ምግብ ይቻል። ለሁለት ሳምንት ይህ አያቅተንም።

የዚያን ክፍል አዘገጃጀት በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ። በሻይ ሰዓት ውሰዱ፤ የጎደለውን ጨምራችሁ መልሱልኝ። የአፋርኛ ወይም የሲዳምኛ ሞጁል ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ፈልጉኝ።