የአጎቴ አደራ ሳውዝ ዳኮታ ሊገባ ነው

ሰላም ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ ደሴ ነው ያለሁት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ከኋላዬ ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። የዛሬው ወሬ ትንሽ ደረቅ ይላል፣ ግን ውጭ ዘመድ ያለው ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥመው ስለሚችል ታገሱኝ።

አጎቴ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ ካሊፎርኒያ ኖሮ እዛው ነው ያረፈው። ሳይሞት በፊት ትረስት አቋቁሞ ነበር። ትረስት ያው አደራ ነው፣ ንብረቱን ለባላደራ ታስረክባለህ፣ ለማን ምን እንደሚደረግ በወረቀት ታስቀምጣለህ። እዚህ እኛ ጋ ሱቁን ለመስጊድ ወቅፍ የሚያደርግ ሰው አለ አይደል፣ በሐሳብ የዛ ዘመድ በሉት። የኛም ፍትሐ ብሔር፣ የ1952ቱ፣ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ስለዚሁ ነገር ያወራል፣ እኔ ራሴ ሰሞኑን ነው ያየሁት። የአጎቴ ውስጥ ያለው ኦክላንድ የሚከራይ አንድ ቤትና አክሲዮን ነው፤ ባላደራው ልጁ፣ ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ልጁ ራሱና እማዬ።

እና ከሦስት ሳምንት በፊት ኢሜይል መጣ፣ ትረስቱን ወደ ሳውዝ ዳኮታ ልናዛውረው ነው ይላል። እማዬ ቡና እያፈላች ነበር፣ ስነግራት ረከቦቱ ላይ ሲኒ እየደረደረች «ምነው፣ ቤቱ ተነቅሎ ይሄዳል እንዴ?» አለችኝ። ሳቅን። ግን ጥያቄው የዋዛ አይደለም።

ቤቱ የትም አይሄድም። የሚቀየረው ባላደራውና የሚገዛው ሕግ ነው፣ ማለት ሳውዝ ዳኮታ ያለ የትረስት ድርጅት ይሾማል፣ ወረቀቱም በዛ ስቴት ሕግ ይተዳደራል። ለምን እዛ? ስቴቱ የገቢ ግብር የለውም፣ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1983 አንድ ትረስት መቆየት የሚችልበትን የዕድሜ ገደብ አንስቷል፣ ስለዚህ ለልጅ ልጅ ልጅ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ሀብታሞቹ ይጎርፉበታል።

ግን ለኛ ያን ያህል? የኦክላንዱ ቤት ኪራይ የትም ሁን የት ለካሊፎርኒያ ግብር ይከፈልበታል፣ ቤቱ እዛ ነዋ። የአክሲዮኑም ቢሆን ካሊፎርኒያ የምታየው ባላደራው የት እንዳለ ብቻ አይደለም፣ ድርሻው የተረጋገጠለት ተጠቃሚ እዛ የሚኖር ከሆነ በሱም ትይዝሃለች፣ የአጎቴ ልጅ ደግሞ እዛው ነው የሚኖረው። ትንሹ ወንድሜ «ታዲያ ለምን ደሴ አናመጣውም» ብሎ ቀለደ፣ እሱ ደግሞ ባሰ፣ ባላደራው የአሜሪካ ሰው ካልሆነ በነሱ የግብር ሕግ የውጭ ትረስት ይባልና ሌላ ጣጣ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማዛወሪያውን ዲካንቲንግ ይሉታል፣ ቃሉ ወይን ከዕቃ ወደ ዕቃ ከመገልበጥ የመጣ ነው፣ የድሮው ትረስት ውስጥ ያለውን አዲስ ትረስት ውስጥ ትገለብጠዋለህ። ይሄን ለእማዬ ሳስረዳት ሁለተኛውን እየቀዳች «ሲገለበጥ ከታች የሚቀር አለ፣ የቀረው ምንድነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ኢሜይሉን እንጂ አባሪውን አላነበብኩትማ፣ ሰነፍ ነኝ፣ ከ30 ገጽ በላይ እንግሊዝኛ ነው።

ማታ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ከፍቼ ተቀመጥኩ። የድሮው ላይ አጎቴ «ለእህቴ ለኑሮዋና ለህክምናዋ የሚበቃትን ይክፈል» ብሏል፣ እህቴ ያላት እማዬን ነው። አዲሱ ላይ ያው ዓረፍተ ነገር አለ፣ ግን «ሻል» የነበረው «ሜይ» ሆኗል። ይክፈል የነበረው ሊከፍል ይችላል። በቃ አንዲት ቃል። ሌላው ገጽ ሁሉ ያምራል፣ ማህተም ብቻ ነው የጎደለው።

የአጎቴን ልጅ አልጠረጥረውም፣ ወላሂ፣ እማዬ ስትታመም ቀድሞ የሚደውለው እሱ ነው። ግን ባላደራም ተጠቃሚም ነው፣ ለሷ ያልተከፈለው እዛው ይቀመጣል፣ እዛው የተቀመጠው ደግሞ ዞሮ የሱ ነው። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እንዲህ ዓይነት ነገር መጀመሪያ ራሴ ነበር የማነሳው። ደግሞ ሳገላብጥ ያገኘሁት፣ ካሊፎርኒያ ከእ.ኤ.አ 2019 ጀምሮ የሚሠራ የዲካንቲንግ ሕግ አላት፣ 60 ቀን አስቀድመህ ታሳውቃለህ፣ እና ባላደራው ለኑሮ ለህክምና ተብሎ ሥልጣኑ በልክ የተሰጠው ከሆነ አዲሱ ውስጥ ያለው የተጠቃሚ መብት ከድሮው ጋር በመሠረቱ ተመሳሳይ መሆን አለበት። ይችላል እና ይክፈል ደግሞ ተመሳሳይ አይደሉም፣ ይሄን ለማወቅ ጠበቃ አያስፈልግም።

ደወልኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዛ ጠበቃዎቹ ካላቸው ፎርም ላይ ቀድተውት ነው እኔም አላየሁትም አለ። ሊሆን ይችላል። እማዬ ስልኩን ነጥቃኝ «አብሽር ልጄ፣ በልተሃል?» ብላ ስለ ምግብ አሥር ደቂቃ አወራችው፣ ስለ ትረስቱ አንድ ቃል ሳታነሳ። ስልኩን ስትመልስልኝ ግን በእጇ የመጻፍ ምልክት አሳየችኝ፣ በጽሑፍ ይላክ ማለቷ ነው።

እሱም እሺ ብሎኛል። ከ60ው ቀን 39 ቀርቷል፣ የተስተካከለው ወረቀት ግን እስካሁን አልመጣም፣ እኛም አልፈረምንም።