ሲግናሉ ደርሷል፣ ፕሮሰሱ ግን አልነቃም

[ስክሪን፦ ሁለት ፕሮሰሶች፤ አንዱ ተኝቷል]

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ይከፍታል። ፕሮሰሶቹ ሜሞሪ ይጋራሉ፤ የሚቀሰቃቀሱት ግን በሲግናል ነው።

ሲግናል ደብዳቤ አይደለም፣ በር ማንኳኳት ነው። ለምን እንደተንኳኳ አይናገርም። ስንቴ እንደተንኳኳም አይቆጥርም። የመጀመሪያው ሳይስተናገድ ዩዘር-1 (SIGUSR1) የተባለው ሲግናል አሥር ጊዜ ቢላክ፣ የሚደርሰው አንድ ነው። ስለዚህ ላኪው መጀመሪያ ጉዳዩን የጋራው ሜሞሪ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ያንኳኳል።

[ስክሪን፦ የሉፑ ኮድ፣ መስመር በመስመር]

ጣጣው ያለው እዚህ ነው። ሃንድለሩ፣ ማለትም ሲግናል ሲመጣ የሚሠራው ኮድ፣ አንድ ባንዲራ (የ“መጥቷል” ምልክት) ያነሳል። ዋናው ሉፕ ባንዲራውን ያያል፤ ካልተነሳ፣ አዲስ ነገር እስኪመጣ የሚጠብቀውን ፖል ጠርቶ ይተኛል። ጤነኛ ይመስላል አይደል? ሲግናሉ ግን ልክ ሉፑ ካየ በኋላ፣ ሳይተኛ በፊት ቢመጣስ? ባንዲራው ይነሳል፣ የሚያየው የለም። ፕሮሰሱ ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል። ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ላፕቶፕ ላይ ሺህ ጊዜ በሰላም ያልፍና ሰርቨሩ ሥራ ሲበዛበት ሀንግ ያደርጋል።

ሀንግ ያደረገ ፕሮሰስ ስታገኙ አትግደሉት! ማስረጃው እሱ ጋ ነው። ሊኑክስ ላይ የፕሮሰሶች መረጃ የሚገኝበት ፎልደር፣ ፕሮክ (/proc)፣ ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሱን ስታተስ ፋይል ክፈቱ። የሚጠባበቁና የታገዱ ሲግናሎች በየራሳቸው መስመር ተጽፈዋል። በተለመዱት የኢንቴል ማሽኖች ዩዘር-1 ቁጥሩ 10 ነው፤ እዚያ ላይ ግን አሥረኛው ቢት ስለሚበራ፣ ብቻውን ከሆነ በሄክሳዴሲማል 200 ሆኖ ይታያል። በሁለቱም ካለ፣ ሲግናሉ ደርሷል ግን ታግዷል፤ እገዳውን ማንሳት የረሳ ኮድ ፈልጉ። በሁለቱም ከሌለ፣ ሃንድለሩ ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ያንን ክፍተት ጠርጥሩ።

ሃንድለሩ ውስጥ ጽሑፍ የሚያወጣውን ፕሪንትኤፍ መጨመር ግን እባካችሁ ይቅር። ፕሪንትኤፍ ሜሞሪ የሚያድለውን ማሎክን ሊጠራ ይችላል፤ ፕሮሰሱ የማሎክን ሎክ እንደያዘ ከተቋረጠ፣ ሌላ ሀንግ (ዴድሎክ) ራሳችሁ ፈጠራችሁ። ዲበገሩ ጂዲቢም ካልነገራችሁት በየዩዘር-1ው ይቆማል፤ ሳይቆም እንዲያሳልፈው እዘዙት።

[ስክሪን፦ ኮዱ ላይ አንድ መስመር ሲጨመር]

ጥርጣሬያችሁን ለማረጋገጥ ክፍተቱን አስፉት። ባንዲራው በሚታይበትና ፖል በሚጠራበት መካከል የአምስት ሰከንድ ስሊፕ አስገቡና በዚያ መሃል ሲግናል ላኩ። ጥርጣሬው ልክ ከሆነ፣ አልፎ አልፎ ይመጣ የነበረው ችግር አሁን ሁልጊዜ ይመጣል።

መፍትሔው ፓይፕ (ባይት በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ቱቦ) ነው። ሃንድለሩ ለራሱ ፕሮሰስ አንድ ባይት ይጽፋል፣ ፖል ያንን ፓይፕ ይጠብቃል። ባይቱ ቀድሞ ቢመጣም እዚያው ይቆያል። ፖስትግሬስ ከቨርዥን 14 ጀምሮ ሊኑክስ ላይ በፓይፑ ፈንታ ሲግናልን እንደ ፋይል የሚያስነብበውን ሲግናል-ኤፍዲ ይጠቀማል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ስሊፑን ሳታወጡ ያንኑ ሲግናል እንደገና ላኩ።

[ስክሪን፦ ፕሮሰሱ ነቅቷል]