የሩሲያ ወግ አጥባቂዎች ተስፋ፦ ከገዳም ወይስ ከቤተ መንግሥት?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የሩሲያ ወግ አጥባቂነት ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን ክሬምሊን ነው። እኔ ግን ከአንድ ባልና ሚስት ቤት ልጀምር። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በዚህ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ኢቫን ኪሬየቭስኪ ጀርመን ድረስ ሄዶ ታላላቆቹን ፈላስፎች ሄግልንና ሼሊንግን በአካል ያገኘ ሩሲያዊ ፈላስፋ ነው። በ1834 አገባ። ባለቤቱ ናታሊያ ጸሎተኛ ነበረች። እሱ የሼሊንግ ፍቅር ይዞት መጽሐፉን አብረው እንዲያነቡ አደረገ፤ ትልቅ ሐሳብ ላይ በደረሱ ቁጥር እንድትደነቅለት ይጠብቃል። እሷ ደግሞ «ይህንንማ ከቅዱሳን አባቶች መጻሕፍት አውቀዋለሁ» እያለች ገጹን ታሳየዋለች። ፈላስፋው የሚስቱን መጻሕፍት በስውር እየወሰደ ማንበብ ያዘ። ኋላም በሩሲያ ካለው ከኦፕቲና ገዳም መነኩሴ ከአባ መቃርዮስ ጋር የጥንት አባቶችን ድርሳናት ሲያሳትም ኖሮ በ1856 ሲያርፍ እዚያው ገዳም ተቀበረ።

አእምሮ ከልብና ከኅሊና ከተለየ እውነትን ሙሉ አድርጎ አያይም፤ የኪሬየቭስኪ ትምህርት ይህ ነው። ምዕራባውያንን በደረቅ አመክንዮ ሲከስ ግን አብዝቶታል፤ እነሱም ገዳምና ጸሎተኛ እንዳላቸው የዘነጋ ይመስላል።

ኪሬየቭስኪና እንደ እሱ ያሉ ወግ አጥባቂ አሳቢዎች የዛሩ፣ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት፣ ወዳጆች ሳይሆኑ አይቀሩም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። መንግሥት እኮ ከ1833 ጀምሮ «ኦርቶዶክስ፣ ንጉሣዊ አገዛዝ፣ ሕዝባዊነት» የሚል መፈክር ነበረው! ሆኖም ቤተ ክርስቲያን በፍቅርና በነጻነት የተያያዘች አንድነት ናት ብሎ ያስተማረው አሌክሴይ ኾምያኮቭ የነገረ መለኮት ጽሑፎቹን ያሳተመው በውጭ አገር፣ በፈረንሳይኛ ነው። በ1849 ደግሞ መኳንንት ጺም እንዳያሳድጉ ተከልክሎ፣ የአባቶቹን ወግ ሊያከብር ጺሙን ያሳደገው ኮንስታንቲን አክሳኮቭ ተላጭቷል። የወግ ጠባቂው መንግሥት ወጉን የጠበቀው በምላጭ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የከፋው የደረሰው ግን አገራችንን በሚያውቅ ሰው ወገኖች ላይ ነው። አሌክሳንደር ቡላቶቪች ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ቀይ መስቀል ጋር ኢትዮጵያ የመጣ የፈረሰኛ መኮንን ነበር። በ1898 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከከፋ እስከ ቱርካና ሐይቅ ዘምቷል። ኋላ ሠራዊቱን ትቶ የገዳማት አገር በሆነው በግሪኩ አቶስ ተራራ መነኮሰ፤ ስሙም እንጦንስ ተባለ። በዚያ የኢየሱስን ስም እየደጋገሙ የሚጸልዩ ሩሲያውያን መነኮሳት የእግዚአብሔር ስም ራሱ እግዚአብሔር ነው አሉ፤ እንጦንስ መሪያቸው ሆነ። የሩሲያ ሲኖዶስ ትምህርቱን አወገዘ። በ1913 የጦር መርከብ ተላከባቸው፤ ወታደሮች በጸሎት ላይ ያሉትን መነኮሳት በውኃ ቧንቧ እየረጩ ከገዳማቸው አወጧቸው። ከ800 በላይ የሚሆኑት በመርከብ ተጭነው ወደ ሩሲያ ተጋዙ። ትምህርታቸው ስሕተት ነበር የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ለነገረ መለኮት ክርክር ግን መልሱ ወታደር መሆኑ ያሳዝነኛል። ያ ኦርቶዶክሳዊ ዙፋን ራሱ 4 ዓመት ብቻ ቆየ።

በኅዳር 2022 የሩሲያ መንግሥት ባህላዊ መንፈሳዊና ሞራላዊ እሴቶችን ለመጠበቅ አዋጅ አውጥቷል። በአገሪቱ ታሪክ አዋጅ መነኩሴን አግዟል፣ ጺም አስላጭቷል፤ ጸሎተኛ ሲያፈራ ግን አላየሁም። ስለ ሩሲያ ባህል ተስፋ ልጠይቅህ ካላችሁኝ ፈላስፋውን አሌክሴይ ሎሴቭን እጠራለሁ። የእነዚያን መነኮሳት ትምህርት ደግፎ በ1927 ስለ ስም ፍልስፍና ጻፈ፤ በ1929 በስውር መነኮሰ፤ በ1930 ታሰረ። እስረኞች የነጭ ባሕርን ቦይ በግዳጅ በሚቆፍሩበት የሶቪየት ካምፕ ቆይቶ ሲመለስ ዓይኑ ክፉኛ ደክሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ጥንታዊ ግሪክ የውበት ፍልስፍና ብዙ ቅጽ ያለው ታሪክ በቃል እያስጻፈ አዘጋጀ። የሶቪየት መንግሥት በ1986 ለዚሁ ሥራ ሽልማት ሰጠው፤ የሸለመው መነኩሴ መሆኑን ሳያውቅ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።