የማን እንጎቻ ነበረች?

እሺ… እየቀዳ ነው መሰለኝ። ዛሬ አጭር ነው ስል እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ሳቁ፣ ግድ የለም።

ባለፈው ስለ ሐና ስናወራ የሰራፕታዋን መበለት ነካ አድርገናት አለፍን አይደል? አልለቀቀችኝም። 1ኛ ነገሥት 17፣ ቁጥር 13። ከቁጥሩም አንዲት ቃል ናት፦ "አስቀድመሽ"።

ቀስ ብለን እንየው። ኤልያስ ተደብቆበት የነበረው ፈፋ ደርቆ ነው የመጣው። ሴትየዋ በከተማዋ በር እንጨት ትለቅማለች። መጀመሪያ ውኃ ለመናት። በድርቅ፣ ውኃ! እሺ ብላ ልታመጣ ስትሄድ ከኋላዋ ተጣራ፤ ቁራሽ እንጀራም ያዢልኝ። ያኔ ነው ያላትን የነገረችው። በማድጋ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮ ጥቂት ዘይት። እፍኝ ሲባል ደግሞ ዕብራይስጡ "መዳፍ ሙሉ" ነው የሚለው፤ የአንድ እጅ። የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። "ሁለት እንጨት እሰበስባለሁ" ትላለች። ሁለት! ለዚያች ዱቄት ከዚያ በላይ ማገዶ ምን ያደርጋል? ሒሳቡን ጨርሳለች፤ ለእኔና ለልጄ እጋግራለሁ፣ እንበላለን፣ እንሞታለን።

እሱስ ምን አላት? አትፍሪ፣ እንዳልሽው አድርጊ፤ አስቀድመሽ ግን ለእኔ ትንሽ እንጎቻ።

እንጎቻ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የመረጠው ቃል ይሄ ነው። እስቲ በእኛ ቤት እንጎቻ የማን ናት? ጋገራው ሲያልቅ ሊጡ ከቡሃቃው ተጠራርጎ ምጣዱ ላይ የምትፈስሰዋ ትንሿ፣ ጭሱ እያስለቀሰው ምጣድ ዳር የሚጠብቅ ልጅ የሚቀበላት… የልጅ ናት። ስለዚህ በአማርኛ ስትሰሙት ነቢዩ የጠየቀው የልጁን ድርሻ ይመስላል። ዕብራይስጡ ትንሽ ቂጣ ነው የሚለው፣ ይህን ሁሉ አይሸከምም፣ እሱን አምናለሁ። ግን አንዴ ከሰማነው በኋላ እንዴት ነው የምንረሳው?

እና በዚህች "አስቀድመሽ" ላይ ስንት ስብከት ቆሟል! መጀመሪያ ለእግዚአብሔር ሰው ስጪ፣ ማድጋሽ ሞልቶ ይፈስሳል። ኧረ የት ላይ? ሞላ የሚል ቃል የለም። "አይጨረስም" ነው የተባለው። እኔ እንደሚታየኝ ጠዋት ስትከፍተው ያው እፍኝ ነው፤ በማግስቱም ያው። ጎተራ አልተሰጣትም። ቀነ ገደብም አለው፤ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ብቻ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ደግሞ ሁለት ሴቶች ሲደባለቁ ነው። በ2ኛ ነገሥት 4 ሌላ መበለት አለች፤ የኤልሳዕ ዘመን ናት። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት ነው። ከጎረቤት ባዶ ማድጋ ተዋሺ፣ በሩን ዝጊ፣ ቤትሽ ያለችውን ዘይት ገልብጪባቸው አላት ኤልሳዕ። ባዶ ዕቃ ሲያልቅ ዘይቱም ቆመ። ከዚያስ? ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በተረፈው አንቺና ልጆችሽ ኑሩበት። ኤልሳዕ ጠብታ አልወሰደም፤ "አስቀድመሽ ለእኔ" አላላትም፤ የቀደመው ዕዳው ነው። ስብከቱ ታዲያ የዚህችኛዋን ትርፍ ይወስድና ከዚያችኛዋ "አስቀድመሽ" ጋር ይሰፋዋል። በመጽሐፉ የሌለች ሦስተኛ ሴት ትወጣለች። ከዚያ እህቶቻችን ያችን የሌለችውን ሴት ምሰሉ ይባላሉ።

ስለዚህ ስታነቡ ከምዕራፍ 16 ቁጥር 31 ጀምሩ፣ እስከ 17፥24 ሳታቋርጡ። ለምን 31? የእስራኤል ንግሥት ኤልዛቤል የሲዶናውያን ንጉሥ የኤትበኣል ልጅ መሆኗ የተጻፈው እዚያ ነው። ሰራፕታም የሲዶና ናት። ሰውየው የተላከው ወደ ንግሥቲቱ አገር ነው! አንዷ ሲዶናዊት የእግዚአብሔርን ነቢያት ታስገድላለች፣ ሌላዋ በሁለት እንጨት ትጋግርለታለች። የንግሥቲቱን ስም እናውቃለን፤ የመበለቲቱን አናውቅም። ልጇ እንኳን ዮናስ ነው የሚል የቆየ ትውፊት አለ፤ ለእሱ ስም ተገኘለት፣ ለእሷ…

ቦታው ደግሞ ዛሬ ሊባኖስ ነው። ሳራፋንድ ይባላል፣ ባሕር ዳር፣ በሲዶናና በጢሮስ መካከል። ጄምስ ፕሪቻርድ የሚባል ሰው ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ቆፍሮት ብዙ የሸክላ መተኮሻ ምድጃ አገኘ። የሸክላ ሠሪ ከተማ ነበረች ማለት ነው። ማድጋ ሞልቷል፣ ማድጋው ውስጥ የሚገባ ግን…

ሊባኖስ ስል እዚያ ሆናችሁ የምትሰሙኝ አላችሁ። በሰው ቤት ጋግራችሁ፣ ደመወዙ ሲመጣ "አስቀድመሽ" የሚላችሁ ስንት ሰው እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ ምንም አልጨምርም።

ኤልያስን ግን አልወቅስም። ወይም… ትንሽ እወቅሰዋለሁ፣ ከዚያ ቁጥር 15ን አነባለሁ። እሷም እሱም ቤተሰቧም በሉ ይላል። እንጎቻዋን ይዞ አልሄደም። ሰገነቷ ላይ አደረ፣ ከዚያው ማድጋ በላ፤ ዱቄቱ ቢያልቅ እሱም ይራባል። ቃሉን ሰጥቶ እዚያው ነው የከረመው። እኔ ብሆን መለኪያ የማደርገው ይህን ነበር፤ "አስቀድመሽ" ያለሽ ሰው ማታ ከምን ማድጋ ነው የሚበላው?

ደግሞ ቁጥር 16 ላይ አትቁሙ። ልጁ ሞተ እኮ። ዱቄቱ እያለ። ያኔ ሴትየዋ አላጎነበሰችም፤ ኃጢአቴን ልታሳስብ፣ ልጄን ልትገድል ነው ወይ የመጣኸው አለችው ፊት ለፊት። እሱም አልገሠጻትም። ልጁን ከብብቷ ወስዶ ያንኑ ጥያቄ ወደ ላይ ጮኸው፤ ባደርኩባት በዚህች መበለት ላይ ክፉ አመጣህን? ልጁ ከተነሣ በኋላ "አሁን አወቅሁ" አለች። አሁን! ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ስትጋግር ምን ነበር? ሳታውቅ ነው የጋገረችው? እምነት ነው የምንለው የቱን ነው፣ የመጀመሪያዋን እንጎቻ ወይስ ቁጥር 24ን? የመጀመሪያዋ ምናልባት እንግዳ መቀበል ብቻ ነው። ወይም ዛሬ መሞትና ነገ መሞት አንድ ሆኖባት…

አንድ ነገር አለ ደግሞ። ቁጥር 9 ላይ እግዚአብሔር ለኤልያስ፣ ትመግብህ ዘንድ አንዲት መበለት አዝዣለሁ ይለዋል። አዝዣለሁ። እሷ ግን በሩ ላይ ስትናገር የታዘዘ ሰው አትመስልም። "አምላክህ" ነው የምትለው፣ አምላኬ አይደለም። ትእዛዙ የደረሳት በምን በኩል ነው? በተራበ እንግዳ አፍ ከሆነ…

ይሄን ልተወው። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። የመጀመሪያዋ ስትጋገር ልጁ የት ነበር? መጽሐፉ አይልም። እሳቱ ዳር ቁጭ ብሎ ከነበረ… አውጥታ ለእንግዳው ስትሰጥ ካየ… እ…