ክው ያለ ተሳፋሪ፦ በበረራ ላይ አደጋ ሲያጋጥም ሰው ምን ያደርጋል?

ክቡራን የበረራ ደህንነት ባለሙያዎች፣ ውድ አሠልጣኞች፣ እንዲሁም ዛሬ ሥልጠናችሁን የምትጀምሩ የበረራ አስተናጋጆች፦

በአማርኛ «ደነገጠ» የሚለው ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይሸከማል። ደንግጦ የሚሮጥ ሰው አለ፤ ደንግጦ ክው የሚል፣ ባለበት ደርቆ የሚቀር ሰውም አለ። በበረራ ላይ ስለሚያጋጥም አደጋ ስናወራ ቶሎ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው የመጀመሪያው ነው፤ ጩኸት፣ ግፊያ፣ በሰው ላይ መረማመድ። ለብዙ ዓመታት የአደጋ ምርመራ ሪፖርቶችን ሳነብ ያስተዋልኩት ግን ሌላ ነው። ተሳፋሪን ለሞት ከሚዳርጉት ነገሮች መካከል ሽብር የሚገመተውን ያህል ቦታ የለውም፤ ክው ማለት፣ ያዩትን አለማመንና ዝም ማለት ግን ከሚገመተው በላይ ቦታ አላቸው። ዛሬ የምናገረው በዚሁ ላይ ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ሥር የሰደደ እምነት ላንሳ። ብዙ ተሳፋሪ «አውሮፕላን አደጋ ከደረሰበት ያው አለቀ» ብሎ ያምናል፤ ይህን የሚያምን ሰው ደግሞ ስለ መውጫ በር የሚነገረውን የሚሰማበት ምክንያት አይታየውም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጥናት ከ1983 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት በአገሪቱ አየር መንገዶች ላይ የደረሱ 568 አደጋዎችን መርምሮ ነበር። በአውሮፕላኖቹ ውስጥ ከነበሩት 53,487 ሰዎች 51,207ቱ በሕይወት ተርፈዋል። ከእነዚህ አደጋዎች ብዙዎቹ ቀላል እንደነበሩ መካድ አይገባም፤ ቢሆንም ከከባዶቹም የሚተርፍ ሰው አለ፤ በሚተርፈውና በማይተርፈው መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት፣ በጭጋግ በተሸፈነ መንደርደሪያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ለመነሣት ይንደረደር ከነበረው አውሮፕላን አንድም ሰው አልተረፈም፤ ከተመታው የፓን አሜሪካን አውሮፕላን ግን 61 ሰዎች ተርፈዋል። ከተረፉት አንዳንዶቹ በኋላ የተናገሩት ነገር እስከ ዛሬ አሠልጣኞችን ያስጨንቃል፤ ይኸውም እነሱ እየወጡ ሳለ ጉዳት የደረሰባቸው የማይመስሉ ሰዎች ቀበቷቸውን እንዳሰሩ፣ ፊት ለፊት እያዩ፣ ምንም ሳይሉ ተቀምጠው እንደነበር ነው። እነዚያ ሰዎች ፈሪዎች አልነበሩም። አእምሮ ፈጽሞ ገጥሞት የማያውቅ ነገር ሲመጣበት «ከዚህ በፊት እንዲህ ሲሆን ምን አድርጌ ነበር?» ብሎ ይፈልጋል፤ መልስ ሲያጣ ፍለጋውን ይቀጥላል፤ እሳቱ ግን ፍለጋው እስኪያልቅ አይጠብቅም። እናንተ በታላቅ ድምፅ «ቀበቶ ፍቱ! ወደዚህ ኑ!» ብላችሁ እንድትጮኹ የምትሠለጥኑት ለዚህ ነው። ትእዛዙ መልስ ላጣው አእምሮ መልስ ሆኖ ይደርስለታል። በለሆሳስና በትሕትና የተነገረ ትእዛዝ በዚያች ሰዓት አይሰማም፤ ስለዚህ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የተማራችሁትን የመስተንግዶ ወግ ለጊዜው መተው ይኖርባችኋል።

ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 1985፣ በማንቸስተር አንድ ቦይንግ 737 ለመነሣት ሲንደረደር የግራ ሞተሩ ተበላሽቶ እሳት ተነሣ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን በሰላም አቆሙት፤ እንዲያም ሆኖ ከ137 ሰዎች 55ቱ ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነበር። ሊወጡ የሚገባቸው ሰዎች በፊተኛው ጠባብ መተላለፊያና በክንፉ ላይ ባለው መውጫ ዙሪያ ተጨናንቀው ነበር። ይህን ለመረዳት የክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሄለን ሙየር ያደረጉት ሙከራ ለእኔ በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ ብልኅ ሙከራ ነው። አንድ የአውሮፕላን ዓይነት ፈቃድ እንዲያገኝ ሙሉ ተሳፋሪ ጭኖ፣ ከመውጫዎቹ ግማሹ ብቻ አገልግሎት እየሰጠ፣ በ90 ሰከንድ ውስጥ ባዶ መሆን እንደሚችል ማሳየት አለበት። ይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለ ሙከራ የሚመጣ ሰው ለሙከራ እንደመጣ ያውቃል፤ «ይቅደሙ፣ አይ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባለ በሥርዓት ይወጣል። ሙየር ግን ቀድመው ለሚወጡት ግማሽ ተሳታፊዎች 5 ፓውንድ እንደሚከፈላቸው ተናገሩ። ለ5 ፓውንድ ሲባል ሰዎች በመውጫው አፍ ላይ እየተደራረቡ እርስ በርስ ተጣበቁ፤ ጠባብ የነበረው መተላለፊያም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በክንፍ ላይ መውጫዎች ዙሪያ ያለው የወንበር ክፍተት እንዲሰፋ ተደረገ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ግፊያ የለም አላልኩም። ግፊያ የሚመጣው ግን ሰው አውሬ ስለሚሆን ሳይሆን መውጫው ሲጠብና ጊዜው ሲያጥር ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ሰውን መውቀስ ሳይሆን መንገዱን ማስፋትና ማደራጀት ነው።

ስለ ልማድ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ተሳፋሪ በጭንቅ ሰዓት የሚያደርገው ሰውነቱ የለመደውን ነው። የመኪና ቀበቶ በመጫን ይፈታል፤ የአውሮፕላን ቀበቶ ግን መክደኛውን ወደ ላይ በማንሣት። በጭንቅ ውስጥ ያለ ጣት መኪና ውስጥ ያለ መስሎት ጎኑን ይፈልጋል። የእጅ ሻንጣውም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ዱባይ ላይ 300 ሰዎችን የያዘ ቦይንግ 777 በመንደርደሪያው ላይ ሲጋጭ ሁሉም ሰው ወጣ፤ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግን ሕይወቱን አጣ። ተሳፋሪዎቹ ጭስ በገባበት ክፍል ውስጥ ሻንጣ ሲያወርዱ የሚያሳየው ምስል ዓለምን ዞረ፤ ብዙ ሰውም «ስግብግቦች» አላቸው። በዚህ አልስማማም። አውሮፕላን በቆመ ቁጥር፣ በሕይወታችን ሙሉ፣ የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ ተነሥተን ከራሳችን በላይ ያለውን መደርደሪያ እንከፍታለን። እጅ የሚያውቀውን አደረገ። ይህ ጥፋቱን ቀላል አያደርገውም፤ ሻንጣ መተላለፊያውን ይዘጋል፣ የሚነፋውን መንሸራተቻም ሊቀድ ይችላል። ነገር ግን ስግብግብነትን በስብከት ልንዋጋ እንችል ይሆናል፤ ልማድን የምንሰብረው በቅድሚያ በተሰጠና በተደጋገመ ትእዛዝ ብቻ ነው።

ይህ የሚቻል መሆኑን እ.ኤ.አ. በጥር 2 ቀን 2024 ቶኪዮ አይተናል። የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ 350 አውሮፕላን ሃኔዳ ሲያርፍ መንደርደሪያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ፤ በትንሹ አውሮፕላን ውስጥ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ፤ በትልቁ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ግን በሙሉ ወጡ። የካቢኑ ድምፅ ማጉያ አልሠራም። ከስምንቱ መውጫዎች ሦስቱ ብቻ ነበሩ ከእሳቱ ነፃ የሆኑት። አስተናጋጆቹ የትኛው በር ሊከፈት እንደሚችል እስኪያረጋግጡ ተሳፋሪዎቹ ጭስ ውስጥ ጠበቁ፤ ከዚያ ሻንጣቸውን ትተው ወጡ። መጠበቅም ከባድ ሥራ ነው፤ ከመሮጥ የሚከብድባት ሰዓት አለች።

ሌላው ምሳሌ ለሁላችንም የሚያም ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1996 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ነዳጁን ጨርሶ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ካፒቴን ልዑል አባተ ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ ጠላፊዎች እያስጨነቁት፣ ለሌሎቹ የመትረፊያ ዕድል ፈጠረ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎች ግን የነፍስ አድን ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር። የተነፋ ጃኬት ውኃ በሚገባበት ክፍል ውስጥ ሰውን ወደ ጣሪያው ይገፋዋል፤ ወደ በሩ ጠልቆ እንዳይሄድም ይከለክለዋል። «ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉት» የሚለው ዓረፍተ ነገር በእያንዳንዱ በረራ ይነገራል፤ ማን ይሰማዋል? እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው አውሮፕላን 155ቱንም ሰዎች በሕይወት ቢያተርፍም፣ መርማሪዎቹ ካነጋገሯቸው ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ የደህንነት ማብራሪያውን እንዳልተከታተሉ ተናግረዋል፤ ጃኬት ከወንበራቸው ሥር አውጥተው የወጡትም ጥቂቶች ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም በመንገደኛነት ስጓዝ ማብራሪያው እየተሰጠ ጋዜጣ ሳነብ ራሴን የያዝኩበት ቀን አለ።

የኦክስጅን ጭንብልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 በአሜሪካ አንድ ቦይንግ 737 ሞተሩ ፈንድቶ መስኮት ሲሰበርና አንዲት ተሳፋሪ ስትሞት፣ ከካቢኑ የወጡት ፎቶግራፎች ብዙ ሰዎች ጭንብሉን በአፋቸው ላይ ብቻ፣ አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ አድርገውት አሳዩን። በ35,000 ጫማ ከፍታ ላይ ኦክስጅን ያጣ ሰው በትክክል ማሰብ የሚችለው ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከረጢቱ ሳይነፋ ሲቀር ተሳፋሪው «አልሠራም» ብሎ ያወልቀዋል፤ ኦክስጅኑን የሚያመነጨው ኬሚካል ሲግልም የማቃጠል ሽታ ይመጣና «እሳት ተነሣ» ይባላል። የከረጢቱ አለመነፋትም ሆነ ሽታው ጭንብሉ በትክክል እየሠራም የሚያጋጥሙ ነገሮች ናቸው። በሌላ በኩል ሞተር ሲያስነጥስ የሚሰማው ፍንዳታና የሚታየው ነበልባል ሰውን ያስለቅሳል፤ ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን ግን በአንዱ እየበረረ በሰላም ለማረፍ የተሠራ ነው። ሰው የሚፈራውና የሚጎዳው ነገር እምብዛም አይገጣጠሙም።

አብራሪዎች ብዙ ጊዜ ስለ ብልሽት ለመናገር ያመነታሉ፤ ምክንያታቸው «እንዳይሸበሩ» የሚል ነው። ይህን ስሰማ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1982 በኢንዶኔዥያ ሰማይ፣ ከጋሉንጉንግ እሳተ ገሞራ በወጣ አመድ ውስጥ የገባውን የብሪትሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 አስታውሳለሁ። ካፒቴን ኤሪክ ሙዲ ለተሳፋሪዎቹ ትንሽ ችግር እንደገጠማቸው፣ አራቱም ሞተሮች እንደቆሙ፣ እንደገና ለማስነሣት የሚቻላቸውን ሁሉ እያደረጉ እንደሆነ፣ ብዙ እንዳልተጨነቁም ተስፋ እንደሚያደርጉ ነገሯቸው። አንዳንድ ተሳፋሪዎች ለቤተሰባቸው ማስታወሻ ጻፉ። ሞተሮቹ በኋላ ተነሥተው አውሮፕላኑ ጃካርታ አረፈ። ከዚህ የከፋ ዜና ለተሳፋሪ ሊነገር አይችልም፤ ተነገረ፤ ካቢኑም በሥርዓት ቆየ።

የመጨረሻውን ክፍል ለዝምታ ያቆየሁት እናንተን በቀጥታ ስለሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1989 ከለንደን ወደ ቤልፋስት ይበር የነበረ ቦይንግ 737 የግራ ሞተሩ ምላጭ ተሰብሮ ካቢኑ ተንቀጠቀጠ፣ ጭስም ገባ። አብራሪዎቹ የተበላሸው ቀኙ መስሏቸው ጤነኛውን የቀኝ ሞተር አጠፉት። ንዝረቱና ጭሱ ለጊዜው ቀነሰ፤ ይህም ትክክል የሠሩ አስመሰላቸው። ካፒቴኑ ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ የቀኙ ሞተር ችግር እንደነበረበትና እንደጠፋ ለተሳፋሪዎቹ ነገራቸው። ከተሳፋሪዎቹና ከአስተናጋጆቹ በርካታዎቹ ግን በገዛ ዓይናቸው ከግራው ሞተር እሳት ሲወጣ አይተው ነበር። ተሳፋሪዎቹ «ቀኝ» ሲባል ሰሙ፤ ግራ ተጋቡ፤ ዝም አሉ። አብራሪው ያውቃል አሉ። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ የቀረው ሞተር ከዳው፤ ኬግዎርዝ በተባለች መንደር አጠገብ በአውራ ጎዳና ዳር ወደቀ። ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ። በዚያ ካቢን ውስጥ የሸበረ ሰው ሥራ አላበላሸም፤ ሁሉም ጨዋ ነበር፤ ጨዋነቱ ነው የጎዳው።

ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 2010፣ 469 ሰዎችን የያዘ የኳንታስ ኤርባስ 380 ከሲንጋፖር ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ አንድ ሞተሩ ፈነዳ። የበረራ ክፍሉ በማስጠንቀቂያ ተጥለቀለቀ። አንደኛው ረዳት አብራሪ ጉዳቱን በዓይኑ ለማየት ወደ ካቢኑ ወጣ። በመንገደኛነት ይጓዝ የነበረ የአየር መንገዱ አብራሪ ጠራውና በወንበሩ ፊት ባለው ስክሪን ላይ የሚታየውን፣ ከጭራው ካሜራ የሚመጣውን ምስል አሳየው፤ ከግራ ክንፍ ፈሳሽ የሚፈስ ይመስል ነበር። ረዳት አብራሪው አልገላመጠውም። ወደ ታችኛው ፎቅ ወርዶ በመስኮት ተመለከተ፤ የተጎዳውን ክንፍና የሚፈሰውን ነዳጅ አየ፤ ያየውንም ለካፒቴኑ ወሰደ። ሁሉም በሰላም ሲንጋፖር ተመለሱ።

ነገ ጠዋት በማሠልጠኛው የካቢን ሞዴል ውስጥ የምንጀምረው በእነዚህ ሁለት በረራዎች ነው። ከእናንተ አንዱ በ17ኛው ረድፍ በመስኮት በኩል ይቀመጣል፤ ከድምፅ ማጉያው «የቀኙ ሞተር» የሚል ማስታወቂያ ይሰማል፤ ለእሱ ግን እሳቱ የሚታየው በግራ ነው። የጥሪውን ቁልፍ ይጫናል። ሌላዋ መጥታ ትሰማዋለች፤ ቃሉን ሳትለውጥ፣ ሳታለዝብ፣ እስከ አብራሪው ድረስ ታደርሳለች። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።